የክሎሪንና የአማቱ እንቁራሪት

ሰፈሩ «ክሎሪን» ይለዋል። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ጠፍቶ አይደለም፤ ሽታው ከስሙ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ስፖርት ክበብ መዋኛ ገንዳ ሲጠብቅና ሲያጥብ ኖሯል። ሸሚዞቹ ሁሉ ከእጅጌያቸው ጀምሮ ነጥተዋል፤ የመዳፉ ቆዳ በበጋ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ አፍንጫውን ይነካካል፣ ቀጥሎ መስኮት ይከፍታል። እሱ ግን አይቀየምም። «ንጹሕ ንጹሕ ሸተትክ ተብሎ የተሰደበ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም» ብሎ ይስቃል።

ጠዋት ጠዋት ረጅም እጀታ ባለው መረብ ቅጠሉንና የሞቱትን ነፍሳት ይለቅማል። ከዚያ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድቶ ሁለት ጠብታ መድኃኒት ያደርግበታል። ውሃው ቢጫ ከሆነ ክሎሪኑ በቂ ነው፤ ጥርት ብሎ ከቀረ ይጨምራል። በእሱ ገንዳ ውስጥ ከሰው በቀር ነፍስ ያለው ነገር አንድ ቀን አያድርም፤ ኩራቱም ይኸው ነበር።

ቤቱ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማብሰያ ነው። ሚስቱ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት፤ ማለዳ ወጥታ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ልጅ አልወለዱም። ከሦስት ወር ወዲህ ግን ቤቱ ሦስተኛ ሰው አግኝቷል፤ የሚስቱን እናት።

አማቱ ደረጃ ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ሐኪሞቹ ብረት አስገብተው ጠገኑላቸውና «ከእንግዲህ መድኃኒቱ መራመድ ነው» ብለው፣ አራት እግር ያለው የብረት መደገፊያ አስይዘው ወደ ልጃቸው ቤት ሸኟቸው። እሳቸው ግን አልራመድም አሉ። ጠዋትና ማታ ልጃቸው፣ ቀን ደግሞ ጎረቤት የምትኖር ጡረተኛ ነርስ ደግፈው ካላነሷቸው በቀር ከአልጋቸው አይወርዱም። «አንዴ የከዳኝን እግር ደግሜ አላምነውም» ነው መልሳቸው። መደገፊያው ፎጣ ማስጫ ሆነ።

ከክሎሪን ጋር የነበራቸው ነገር ደግሞ የቆየ ነው። ሴትዮዋ ለልጃቸው ያሰቡት ፋርማሲስት ነበር። ልጅቷ ገንዳ ጠባቂ ይዛ ስትመጣ አልተቆጡም፣ አላለቀሱም፤ እንዲያው «እርስዎ» ብለው ተቀበሉት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉም ከ«እርስዎ» ወርደው አያውቁም። ለሌላው ሰው ቃሉ ክብር ነው፤ በእሳቸው አፍ ግን አጥር ነበር። «ደህና ዋሉ?» ይሉታል። «በሩን ቢዘጉት» ይሉታል። አንድ ጊዜ ዘመድ «አማችዎ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ውሃ ይጠብቃሉ፤ ውሃው ወዴት ይሄድባቸዋል ብለው እንደሆነ እንጃ» ማለታቸውን ክሎሪን ሰምቶ፣ ሳቁንም ቅሬታውንም አንድ ላይ ውጦ ነበር።

በዚያ ዓመት የገንዳው ግድግዳ ተሰንጥቆ ክበቡ ለጥገና ዘጋው። ጥገናው ዛሬ ነገ ሲባል ወራት አለፉ፤ ዝናብ መጣና ባዶውን ገንዳ እስከ ወገቡ ሞላው። ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ክሎሪን ሥራው ግማሽ ቀን ስለ ነበር ከሰዓት በኋላ ቤት ይውላል። እሱ ወንበር ላይ፣ አማቱ አልጋ ላይ፤ የሚያወራው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠራው። «ግንበኞቹ ረቡዕ ይገባሉ። ውሃውን አውጣና ወለሉን በክሎሪን እጠበው።»

ክሎሪን ፓምፑን ሊያስገባ ወደ ገንዳው ጎንበስ ሲል ውሃው ተንቀሳቀሰ። ጠጋ ብሎ አየ። ጭንቅላትና ጅራት ብቻ የሆኑ፣ እንደ ጥቁር ምስር የተዘሩ የእንቁራሪት ልጆች በመቶዎች ይርመሰመሳሉ። እጁን ፓምፑ ቁልፍ ላይ እንዳደረገ ቆመ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ነገር ሳያስበው ነበር የሚያጠፋው፤ የዚያን ቀን ግን እጁ እምቢ አለው። ለምን እንደሆነ ኋላም ሲጠየቅ «እንጃ፤ በዙብኝ» ብቻ ነበር መልሱ።

ፓምፑን ትቶ ባልዲ አነሳ። ሰኞ ቀኑን ሙሉና ማክሰኞ ጠዋት በቅጠል መልቀሚያው መረብ እያጠመደ፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ደንገል የበቀለበት ኩሬ አመላለሳቸው። የክበቡ ዘበኛ «ክሎሪን ዓሣ አስጋሪ ሆነ!» እያለ ሳቀበት። ከዚያ በኋላ ነው ፓምፑን ያስነሣው፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ደረቀ። ክሎሪን የመጨረሻውን ፍተሻ ሲያደርግ የውሃ መውረጃው ወንፊት ላይ አንዲት ነገር ተጣብቃ አገኘ። አራት እግር አላት። ጅራትም አላት። ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም። ስትታይ የሞተች ትመስላለች፤ ጉሮሮዋ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይመታል። «ኩሬው ጋ ብጥላት ያያት ወፍ ሁሉ ይበላታል» ብሎ አሰበና ምሳ ዕቃውን አጥቦ፣ እርጥብ ቅጠል አንጥፎ ይዟት ወደ ቤቱ ሄደ።

ገና ከመግባቱ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ከቧንቧ ቀድቶ ከተታት።

«ምን ይዘው ነው የመጡት?» አሉ አማቱ ከአልጋቸው። ዓይናቸው ደመና ለብሷል፤ ጆሯቸው ግን ጉንዳን ሲሄድ ይሰማል።

«ምንም አይደለም እማማ።»

«ምንም የሚባል ነገር በምሳ ዕቃ አይመጣም።»

«እንቁራሪት ናት» አለ ክሎሪን፣ ስድቡን እየጠበቀ።

አማቱ ግን አልተጸየፉም። በክርናቸው ቀና አሉ። «በሕይወት አለች?»

«ጉሮሮዋ ይመታል።»

«እግሯ ስንት ነው?»

«አራት። ጅራቷ ግን ገና አልጠፋም።»

«ምን ውስጥ አደረጓት?»

«ብርጭቆ ውስጥ፣ ውሃ ሞልቼ።»

«ያውጧት!» አሉ። «ቶሎ ያውጧት! የፊት እግሯ ከወጣ ሳንባ አውጥታለች ማለት ነው። እንደኔና እንደ እርስዎ አየር ነው የምትስበው። መውጫ ከሌላት ትሰምጣለች።»

«እንቁራሪት ውሃ ውስጥ ይሰምጣል እንዴ?»

«ሰውስ በገዛ ቤቱ አይሞትም?»

ክሎሪን በማንኪያ ቀስ ብሎ አውጥቶ ቅጠሉ ላይ መለሳት። ያን ጊዜ ነው ሽታው የመጣበት። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ከሥራ ቦርሳው ብልቃጡን አውጥቶ ሁለት ጠብታ አደረገ። ውሃው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆነ። እሱ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እንዳለው ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ እርጥበት በቆዳዋ የምትጠጣ ፍጡር ነክሮበት ነበር። አፈረ። ጎረቤት ሄዶ ከነርሷ በርሜል የዝናብ ውሃ ለመነ፤ የቧንቧውንም ውሃ በሳፋ ቀድቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው። በማግስቱ ሁለት ጠብታ ሲያደርግበት እንደ ነበረ ጥርት ብሎ ቀረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ክሎሪን የሌለበት ውሃ አይቶ ደስ አለው።

አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ፈልጎ አንደኛውን ጎን በእርጥብ አፈርና በጠጠር ከፍ አደረገ፣ በሌላው ጎን ጥፍር የማያሰጥም ውሃ አፈሰሰበት። ዕቃውን ከአልጋው ትይዩ ካለው መስኮት ደፍ ላይ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ አስቀመጠው። አማቱ ይህን ሁሉ የሚያዙት ተኝተው ነው። «እጅዎን በሳሙና እንዳይታጠቡ። በዝናብ ውሃ ያርጥቡት። ደግሞም ባይነኳት ይሻላል።»

«ይህን ሁሉ ከየት አወቁት እማማ?»

«አባቴ ደንገል አጫጅ ነበር» አሉ አማቱ። «ምንጣፍ ይሠራበታል። እኔ ረግረጉ ዳር ተቀምጬ ስጠብቀው ነው ያደግኩት። ሌላ ልጅ አልነበረም፤ ጓደኞቼ እነሱ ነበሩ።» ይህን ሚስቱ እንኳ ሰምታ አታውቅም።

ከዚያም ማን መሆኗን ለመለየት ጥያቄ ጀመሩ። ዓይናቸው ስለማያይ የእሱን ዓይን ተዋሱ።

«ቆዳዋ ለስላሳ ነው ወይስ ኪንታሮት ኪንታሮት ይላል?»

«ለስላሳ ነው።»

«ከዓይኗ ኋላ ያበጠ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ጉርጥ አይደለችም እንግዲያው። የኋላ እግሯስ?»

«ረጅም ነው፤ ሲታጠፍ ከሆዷ አልፎ ይወጣል።»

«የጣቷ ጫፍ ክብ ነው ወይስ ሹል?»

ክሎሪን የንባብ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። ጣቶቿ ከክር ይቀጥናሉ፤ ጫፋቸው ሊታየው አልቻለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቁትን ነገር አላውቅም ማለት ከበደውና «ሹል ነው» አለ።

«የሣር እንቁራሪት ናት» ብለው ፈረዱ። «ዝላይ እንጂ መውጣት አታውቅም። ዕቃው ረጅም ከሆነ ክዳን አያስፈልግም። መልኳንም አይመኑ፤ ገና ልጅ ናት፤ ልጅ መልኩን የሚይዘው ቆይቶ ነው።»

ማታ ሚስቱ ስትገባ ባሏ መስታወት ላይ አፍጥጦ፣ እናቷ ከአልጋ ሆነው «አሁንስ ምን ትሠራለች?» ሲሉ አገኘቻቸው። ቦርሳዋን ሳታወርድ በር ላይ ቆመች። «እናንተ ሰዎች ታማችኋል ወይስ ታርቃችኋል?»

«ዝም በይ፣ ታስደነግጫታለሽ» አሏት እናቷ።

ሦስት ቀን ሙሉ እንቁራሪቷ ምንም አልበላችም። ክሎሪን ልቡ አላርፍ አለው። የዳቦ ፍርፋሪ ጣለላት፣ የበሰለ እንቁላል አስኳል ጣለላት፤ ዞር ብላም አላየችው። ውሃው ብቻ ቆሸሸ።

«ምነው ጤነኛዋን በሽተኛ አደረጓት?» አሉት አማቱ። «ይተዋት። ጅራቷ ስንቋ ነው። እሱን ከውስጥ በኩል እየበላች ነው። ደግሞ አፏ ገና እየተሠራ ነው፤ ትናንት ሻጋታ የሚፍቅ አፍ ነበር፣ ነገ ዝንብ የሚይዝ ይሆናል። አፉ እየተሠራ ላለ ሰው እህል ይቀርባል?»

«ብትሞትስ?»

«አትሞትም። ከሞተችም በረሃብ ሳይሆን በእርስዎ ደግነት ነው።»

በአምስተኛው ቀን ጅራቷ የሰሊጥ ፍሬ አክሎ ቀረ። «አሁን ምግብ ይፈልጉላት» አሉ አማቱ። ምግቧ ግን ሕያው መሆን አለበት፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ለእሷ የለም። ክሎሪን የሙዝ ልጣጭ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ፣ ዝንቡ ገብቶ እንዳይወጣ አፉ ላይ እንደ ጥሩንባ የተጠቀለለ ወረቀት ሰክቶ ፍራፍሬ ሻጩ ጋ አስቀመጠው። ሻጩ «ሰው ሁሉ ዝንቡን እያባረረ ሙዙን ይወስዳል፤ አንተ ሙዙን ትተህ ዝንቡን!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

መጀመሪያ የበላች ዕለት ክሎሪን እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ነበር ለአማቱ የነገራቸው። «ዝንቧ ጠጠሩ ላይ ናት... አየቻት... ጭንቅላቷን አዞረች... አይ፣ ሳተቻት! ዝንቧ ተመለሰች... እማማ! ዋጠቻት! ዓይኗን ጨፍና ዋጠቻት!»

«በዓይኗ ነው ገፍታ የምታወርደው» አሉ አማቱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ክሎሪን ጠርሙሱን ሊያመጣ ወጣ። ነርሷ ገበያ ሄዳለች። አማቱ ብቻቸውን ነበሩ። ኋላ እንደተናገሩት፣ በመስኮቱ ብርሃን መካከል አንዲት ጥቁር ነጥብ አዩ። የሰው ፊት የማይለየው ዓይናቸው ብርሃን ላይ ያረፈ ጥላ ይለያል። መጀመሪያ ዝንብ መሰለቻቸው። ዝንብ ግን እንዲህ አይቆይም። ነጥቧ ከዕቃው በላይ፣ በጋለው የመስኮት መስታወት ላይ ተጣብቃለች፤ ፀሐይዋም ዞራ ልክ እዚያው ደርሳለች።

ነርሷን ተጣሩ። አማቻቸውን ተጣሩ። መልስ የለም። ፀሐይ ላይ የዋለች ትንሽ እንቁራሪት ምን እንደምትሆን በልጅነታቸው አይተዋል፤ እንደ ቅጠል ትደርቃለች። መደገፊያውን ሳቡ። እግራቸውን ወለሉ ላይ አኖሩ። ተነሡ፤ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ደግመው ተነሡ። በመስኮቱና በአልጋው መካከል አራት እርምጃ ነው።

ክሎሪን በሩን ሲከፍት አማቱን መስኮቱ ሥር ቆመው አገኛቸው። አንድ እጃቸው መደገፊያውን ጨምድዷል፤ በሌላው እጃቸው ከመጠጫቸው ውሃ ያረጠቡትን ፎጣ ዘርግተው ለእንቁራሪቷ ጥላ ሠርተዋል። ክሎሪን ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ምን ትገተራለህ!» ብለው ጮኹበት። «ውሃ አምጣ እንጂ! ልጅቷ ልትደርቅብን ነው!»

ሮጠ። ጣቱን አርጥቦ ከመስታወቱ ላይ በቅጠል አነሳትና እርጥቡ አፈር ላይ አኖራት። ትንሽ ቆይታ ተንቀሳቀሰች። ያን ጊዜ ወደ አማቱ ዞሮ በሁለት እጁ ደግፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። ሁለቱም ያለከልኩ ነበር። በ«አንተ» እንደ ጠሩት የገባው ያኔ ነው። ቃሉን እንዳያስደነግጠው ፈርቶ ቀስ ብሎ ከጀርባቸው ትራስ አስገባላቸው።

«መስታወት የወጣች እንቁራሪት ጣቷ ሹል አይደለም» አሉ አማቱ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ። «ያን ቀን በእውነት አይተኸዋል?»

ክሎሪን መሬት መሬት አየ። «አልታየኝም ነበር እማማ። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው።»

ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔ ማየት አልችልም ብዬ የሰው ዓይን ተበደርኩ፤ ያበደርከኝም ዓይን አያይ! ዕውር ለዕውር ተያይዘን ነዋ!»

ማታ ሚስቱ ጨርቅ ስትመረምር የምትይዘውን፣ እንቁራሪቷን ይዩበት ብላ ያመጣችውን ማጉያ መስታወት ከቦርሳዋ አወጣች። እናቷን ወንበር ላይ ተቀምጠው ስታይ ግን ማጉያውም፣ እንቁራሪቷም ጠፉባት። «ማን አነሣሽ እማዬ?» ብላ ጠየቀች፤ ድምጿ ተሰብሮ።

«እግሬ ናት እንጂ ማን ያነሣኛል። አታልቅሺ፣ መስታወቱን ስጭው።»

ክሎሪን ማጉያውን አስጠግቶ አየ። በየጣቷ ጫፍ እንደ አዝራር የከበበች ትንሽ ነገር አለች። አንድ በአንድ ቆጠረላቸው። አማቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙት ቆዩና «የደንገል እንቁራሪት ናት» አሉ። «አባቴ አገዳውን ሲያጭድ ከጫፉ ላይ ቁጭ ብለው ያዩት ነበር። ክፉ ነገር አያውቁም። በጣታቸው ተጣብቀው ነፋሱ ሲያወዛውዛቸው ይውላሉ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የዕቃው አፍ በመጋረጃ ጨርቅ ታሰረ፣ ውስጡም አንድ የደንገል አገዳ ቆመላት።

ሌላ ሦስት ሳምንት ከእነሱ ጋር ቆየች። አማቱ በየቀኑ ወደ መስኮቱ ይራመዳሉ፤ መጀመሪያ «ሄጄ ልያት» እያሉ፣ ኋላ ምክንያቱንም ተዉት። ልጃቸው ፊት ክሎሪንን አሁንም «እርስዎ» ይሉታል፤ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ግን «አንተ፣ ዝንቡን ሰጠሃት?» ነው። ሚስቱ አንድ ጠዋት ምሳ ዕቃዋን ረስታ ስትመለስ ሰምታ፣ እንዳያዩዋት በእግር ጣቷ ወጣች።

እንቁራሪቷ ወፈረች፤ ጀርባዋም ወደ ቢጫነት ከሚያደላ አረንጓዴ መልክ ያዘ። «በቃ» አሉ አማቱ አንድ እሑድ። «ልጅ ካደገ ቤት ይጠብበዋል።»

ታክሲ ተጠርቶ ሦስቱም ወደ ኩሬው ሄዱ። መኪናው ከጡብ ፋብሪካው አጥር ስለማያልፍ ቀሪውን መንገድ በእግር ነበር፤ አማቱ በመደገፊያው፣ ልጃቸው ከኋላ፣ ክሎሪን ዕቃውን አቅፎ ከፊት። ሃያ ጊዜ አርፈው ደረሱ። ክሎሪን ጨርቁን ፈታና ዕቃውን ወደ ደንገሉ አዘነበለ። እንቁራሪቷ አፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ጉሮሮዋ ቶሎ ቶሎ ይመታል። አልወጣ አለች።

«ምን ትሠራለች?» አሉ አማቱ።

«ታስባለች።»

«ታስብ። አትግፋት።»

ጠበቁ። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ከዚያ አንዴ ዘለለች፤ አገዳው ላይ ተለጠፈች፤ በጣቷ እየቆነጠጠች ወጣች። በየአገዳው ላይ የእሷ መሰሎች ተለጥፈዋል፤ ክሎሪን ከእነሱ ለመለየት ሲሞክር ጠፋችበት። ሁሉም አንድ መልክ ነበራቸው።

«የታለች?» አለች ሚስቱ።

«እነሱ ውስጥ ናት» አለ ክሎሪን።

ያን ጊዜ ከደንገሉ ውስጥ አንዱ ጮኸ፤ ጠብ ጠብ የሚል፣ የጠጠር ድምፅ የመሰለ ጩኸት። ሌላው ተቀበለው፤ ሦስተኛው ተከተለ። ጥቂት ቆይቶ ኩሬው ሁሉ አንድ ላይ ተነሣ። አማቱ መደገፊያቸው ላይ ተደግፈው፣ ጆሯቸውን ወደ ውሃው አዘንብለው ሰሙ። ልጃቸው «እማዬ፣ ይበርድሻል፤ እንሂድ» ብትላቸው እጃቸውን ብቻ አነሡ፤ ቆይ ለማለት። እሷም ነጠላዋን አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችና አጠገባቸው ቆመች።